ሰው ሲያዝባችሁ፦ ከፖሊስ ጣቢያ እስከ ዋስትና፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪ የተዘጋጀ መመሪያ

ዋስትና በሚያሰጥ ጉዳይ የተያዘ ሰው ሁለትና ሦስት ሳምንት ጣቢያ ሲከርም ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው። ቤተሰብ የተያዘበትን ሰዓት አልጻፈም። ተጠርጣሪው ያላነበበውን ወረቀት ፈርሟል። ችሎት ላይ የቀረበው «ንጹሕ ነኝ» የሚል ሙግት ሆኖ የዋስትና ጥያቄው ተረስቷል። ወይም ዋስ መፈለግ የተጀመረው ዳኛው ከፈቀደ በኋላ ነው። ከታች ያለው ቅደም ተከተል እነዚህን ለመዝጋት የተጻፈ ነው።

መመሪያው ለመደበኛ ጉዳዮች ነው፦ ድብደባ፣ ስርቆት፣ እምነት ማጉደል፣ ዛቻ፣ የመኪና አደጋ፣ ሐሰተኛ ሰነድና የመሳሰሉት። የሽብርና የሙስና ጉዳዮች፣ እንዲሁም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ወቅት የሚፈጸም እስር የራሳቸው ድንጋጌ አላቸው። እነዚያ ላይ ከመጀመሪያው ሰዓት ጠበቃ ያዙ።

በቃል የሚያዙ አራት ቁጥሮች

- 48 ሰዓት፦ ከተያዘበት ሰዓት ጀምሮ ፍርድ ቤት መቅረብ ያለበት ጊዜ (ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19)።
- 14 ቀን፦ ፖሊስ በአንድ ጊዜ ሊፈቀድለት የሚችለው የጊዜ ቀጠሮ (ምርመራው እስኪያልቅ ሰውየው በእስር የሚቆይበት ጊዜ) ጣሪያ (የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59)።
- 48 ሰዓት፦ የዋስትና ማመልከቻ ከቀረበ በኋላ ፍርድ ቤቱ የሚወስንበት ጊዜ (አንቀጽ 66)።
- 20 ቀን፦ ዋስትና ሲከለከል ለበላይ ፍርድ ቤት የሚቀርብበት ጊዜ (አንቀጽ 75)።

ዝግጅት፦ ሥራውን ለሦስት ሰው ክፈሉ

ቤተሰቡ በሙሉ ጣቢያ በር ላይ ከተሰበሰበ ቀኑ ያልፋል፣ ወረቀት ግን አይሠራም። ስለዚህ፦

1. አንዱ ምግብና ልብስ እያደረሰ ጣቢያውን ይከታተል። በየቀኑ ያው ሰው ቢሆን ይሻላል፤ በረኛውም መርማሪውም ይለምዱታል።
2. ሁለተኛው ሰነድ ይሰብስብ፦ የተያዘው ሰው የነዋሪነት መታወቂያ ቅጂ፣ የሥራ ወይም የንግድ ፈቃድ ማስረጃ፣ የቤት ኪራይ ውል ወይም የቤት ካርታ፣ የጋብቻና የልጆች ማስረጃ፣ ሕመም ካለበት የሐኪም ወረቀት።
3. ሦስተኛው ዋስና ጠበቃ ያፈላልግ።

አንድ ደብተር ይኑራችሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ ያነጋገራችሁት ሰው ስምና ማዕረግ፣ እናንተ ያላችሁትና እሱ የመለሰላችሁ ይጻፍበት። ኋላ ፍርድ ቤት የሚጠይቃችሁ ግማሹ ነገር ከዚህ ደብተር ይወጣል።

ደረጃ 1፦ የት እንዳለና ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ አረጋግጡ

1. በቅርቡ ያለው ጣቢያ ውስጥ ነው ብላችሁ አትገምቱ። በደሴ አንድ ክፍለ ከተማ ተይዞ ምርመራው ሌላ ጋ የሚጣራ ሰው ብዙ ነው። በየጣቢያው ጠይቁ፤ ካልተገኘ ወደ ከተማው ፖሊስ መምሪያ ሂዱ።
2. እነዚህን አምስት ነገሮች ጠይቃችሁ ጻፉ፦ የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ የተጠረጠረበት ወንጀል፣ የመርማሪው ስምና ስልክ፣ የምርመራ መዝገብ ቁጥር፣ ፍርድ ቤት የሚቀርብበት ቀን።
3. ሰዓቱን የሚቆጥሩት ከመያዝ ነው። መዝገብ ከተከፈተበት ወይም ቃል ከሰጠበት አይደለም። ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት የተያዘ ሰው ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ድረስ ዳኛ ፊት መቆም አለበት።

ሲያዝ ያየ ሰው ካለ አሁኑኑ ስሙን ያዙ። ሰዓቱ ላይ ክርክር ሲነሳ የሚረዳችሁ እሱ ነው።

*የሚበላሽበት ቦታ፦* «ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም» ይባላል። ሕገ መንግሥቱ ከ48 ሰዓቱ የሚቀንሰው ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤት የሚወስደውን የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ የተያዘን ሰው ሐረጎን አውጥቶ ደሴ ማድረስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በጉዞ የሚመካኝ ቀን የለም። ዓርብ የተያዘ ሰው ካላችሁ በዚያው ቀን ተረኛ ዳኛ ማን እንደሆነ ፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር (የመዝገብ ቤት ኃላፊ) ዘንድ ጠይቁ፤ ቅዳሜ ጠዋት የሚመልስላችሁ ሰው ላይኖር ይችላል።

የተያዘው ልጅ ከሆነ መንገዱ ይለያል። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውን ፖሊስ ወዲያውኑ በቅርብ ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት መውሰድ አለበት እንጂ ጣቢያ አያሳድረውም። የልደት ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት ወይም ከትምህርት ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ይዛችሁ ሩጡ። ዕድሜ አከራካሪ ከሆነ ፍርድ ቤቱ በሐኪም እንዲረጋገጥ ማዘዝ ይችላል።

ደረጃ 2፦ መርማሪው ራሱ በዋስ መልቀቅ እንደሚችል አትርሱ

ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 28 መሠረት ወንጀሉ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ፣ ወይም ወንጀሉ መፈጸሙ ራሱ የሚያጠራጥር ከሆነ፣ መርማሪ ፖሊስ ተጠርጣሪውን ዋስ አስጠርቶ መልቀቅ ይችላል። ስድብ፣ ቀላል የእጅ እልፊትና የመሳሰሉት ብዙ ጊዜ እዚህ ይገባሉ። መታወቂያና የደመወዝ ማስረጃ የያዘ ዋስ ይዛችሁ ሂዱና በጨዋ ቃል ጠይቁ። የመርማሪው ፈቃድ ነው፣ ግዴታው አይደለም። እምቢ ካለ ጊዜ አታጥፉ፤ ወደ ፍርድ ቤት ነው።

ለዚህ ዋስትና በእጅ የሚከፈል ገንዘብ የለም። «ለመርማሪው የሚሆን» የሚላችሁ ደላላ ከወሰደው በኋላ የምትከሱበት ወረቀት አይኖራችሁም፤ እናንተም ጉቦ ሰጪ ትሆናላችሁ።

ደረጃ 3፦ ለተያዘው ሰው ምን ትሉታላችሁ

የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪምና የሕግ አማካሪ እንዲጎበኙት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 ይፈቅዳል። ጠበቃውን ወዲያውኑ ጠርቶ የማነጋገርና መጻፊያ የማግኘት መብቱ ደግሞ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 61 ተጽፏል። የመጀመሪያው ጉብኝት አጭር ስለሚሆን ሦስት ነገር ብቻ ንገሩት፦

1. ስምህንና አድራሻህን በትክክል ተናገር። ስም መቀያየር በኋላ «ሊጠፋ ነው» ያሰኛል።
2. ስለ ነገሩ ከመናገርህ በፊት ጠበቃ እንድታገኝ ጠይቅ። ዝም ማለት መብትህ ነው።
3. ያላነበብከውን ወይም ያልተነበበልህን አትፈርም።

በጉብኝት ሰዓት ስለ ነገሩ ዝርዝር አታውሩ። አጠገባችሁ የሚቆም ሰው ይኖራል። «ማን አየህ?»፣ «ዕቃው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ከመርማሪው ሥራ ግማሹን መሥራት ነው። በምሳ ዕቃ ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት ማስገባትም ይቅር፤ ሲገኝ ማስረጃ የማጥፋት ሙከራ ተብሎ ዋስትናውን ያስከለክላል።

ደረጃ 4፦ ቃል የሚሰጥበት ወረቀት

ከሁሉም ደረጃ የማይመለሰው ይህ ነው። ሌላው ቢበላሽ በይግባኝ ወይም በድጋሚ ማመልከቻ ይስተካከላል፤ የተፈረመ ቃል ግን እስከ ፍርድ ቀን ድረስ ይከተላል።

መርማሪው ከመጠየቁ በፊት ሁለት ነገር መንገር አለበት፦ መልስ ያለመስጠት መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል። ይህም በሚገባው ቋንቋ መሆን አለበት። ከባቲ፣ ከከሚሴ ወይም ከአፋር በኩል የመጣ አማርኛ የሚቸግረው ሰው፣ ወይም በጅቡቲ መንገድ ሲያልፍ የተያዘ የሌላ ክልል ሾፌር አስተርጓሚ ይጠይቅ። «ትንሽ ትንሽ ትሰማለህ አይደል?» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ «ለክስ የሚበቃ አልሰማም» ነው።

የቃል መቀበያው ወረቀት ፊቱ ሲቀርብ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ፦

1. ከላይ ያለውን ቀንና ሰዓት ይመልከት። ባዶ ከሆነ እንዲሞላ ይጠይቅ።
2. መብቱ እንደተነገረው የሚገልጸውን መስመር ይፈልግ። ሳይነገረው «ተነግሮኛል» የሚል ካለ ሳይስተካከል አይፈርም።
3. እያንዳንዱን ገጽ ያንብብ። ማንበብ የማይችል ከሆነ ጮክ ተብሎ እስኪነበብለት ይጠብቅ።
4. «ነበርኩ» ያለው «መታሁት» ሆኖ ከተጻፈ መርማሪው ሰርዞ ያስተካክል፤ ከስርዙ ጎንም ይፈረም።
5. ከመጨረሻው ቃል በታች የቀረው ባዶ ቦታ በመስመር ይዘጋ፤ ፊርማው ወይም የጣት አሻራው ከመስመሩ ጋር ተጠግቶ ይረፍ። ዘጠኝ መስመር ባዶ ትቶ ከገጹ ግርጌ መፈረም ላልተናገሩት ነገር ቦታ መተው ነው።
6. ባዶ ወረቀት ላይ በምንም ምክንያት አይፈርም።

*ተገዶ ቃል ከሰጠ፦* በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም (ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19(5))፤ ያስገደደው ሠራተኛም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ይጠየቃል። ሆኖም ይህን መናገር ያለበት መጀመሪያ ዳኛ ፊት በቀረበበት ቀን ነው። ምልክቱን ለችሎቱ ያሳይ፣ «ሐኪም እንዲያየኝ ይታዘዝልኝ፣ ይህም በመዝገብ ይያዝልኝ» ይበል። ከሁለት ወር በኋላ ሰውነቱ ሲድን የሚነገር ድብደባ የሚያምነው አያገኝም።

*ሌላ ማስጠንቀቂያ፦* ፖሊስ ተጠርጣሪውን ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው ለጊዜ ቀጠሮ ብቻ ላይሆን ይችላል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 35 መሠረት የእምነት ቃሉን ዳኛ እንዲመዘግበው ይዞት የሚሄድበት ጊዜም አለ። ዳኛ ፊት በፈቃድ የተሰጠ ቃልን ኋላ መካድ እጅግ ከባድ ነው። ዳኛው «በፈቃድህ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ እውነቱን ይናገር፤ ካልሆነ «አይደለም» ይበል፣ ምዝገባው እዚያው ይቆማል።

ደረጃ 5፦ ቤት ሲፈተሽ

የብርበራ ትዕዛዝ ጠይቃችሁ አንብቡ፦ የማን ቤት፣ ምን ዕቃ፣ የትኛው ፍርድ ቤት። ፍርድ ቤቱ በተለየ ካላዘዘ ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሚደረገው። እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው እየተከተሉ ሲገቡና በሕግ በተለዩ ሌሎች ሁኔታዎች ያለ ትዕዛዝም ሊፈተሽ ስለሚችል በር ላይ አትታገሉ፤ «ያለ ትዕዛዝ መሆኑ ይመዝገብልኝ» በሉ። የተወሰደው ዕቃ አንድ በአንድ ይዘርዘር። ስልክ ከተወሰደ ዓይነቱ፣ ቀለሙና መለያ ቁጥሩ ይጻፍ።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ችሎት

በዚህ ቀን ዳኛው ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም ብሎ አይፈርድም። የሚወስነው አንድ ነገር ነው፦ ምርመራው እስኪያልቅ በእስር ይቆይ ወይስ በዋስ ይውጣ። «አላደረግኩትም» እያሉ አሥር ደቂቃ መናገር የማይጠየቁትን መመለስ ነው። ሁለቱም ከተማ የራሳቸው ወረዳ ፍርድ ቤት አላቸው፤ ከባድ ወንጀሎችና እንደ ኮንትሮባንድ ያሉ የፌዴራል ጉዳዮች ግን ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያመራሉ። ማመልከቻችሁን ከማስጻፋችሁ በፊት የትኛው ችሎት እንደሚቀርብ ከመርማሪው አረጋግጡ።

ፖሊስ «ምርመራዬን አልጨረስኩም፣ 14 ቀን ይሰጠኝ» ይላል። አሥራ አራቱ ቀን ጣሪያ ነው፤ ዳኛው 3፣ 5 ወይም 7 ሊሰጥ ይችላል፣ ወይም ጭራሹን ሊከለክል። ሕጉ ቀጠሮው ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል በቁጥር ስለማይገድብ እያንዳንዱ ጥያቄ ላይ መከራከር ያስፈልጋል። በብዛት የሚቀርቡት ምክንያቶችና የሚሰጠው መልስ እነዚህ ናቸው፦

*«የምስክር ቃል አልተቀበልንም።»* ስንት ምስክር እንደቀረ፣ ስማቸው በመዝገቡ ይታወቅ እንደሆነና እስካሁን ስንቱ እንደተሰማ ይጠየቅልኝ በሉ። ከተማ ውስጥ ያሉ ሦስት ምስክሮችን ለመስማት ሁለት ሳምንት አያስፈልግም።

*«የሕክምና ማስረጃ ከሆስፒታል አልመጣም።»* ወረቀቱ ያለው ሆስፒታል ነው፤ ተጠርጣሪው ቢፈታ ሊቀይረው አይችልም፣ ቢታሰርም አያፋጥነውም።

*«የላብራቶሪ ውጤት ከአዲስ አበባ እየጠበቅን ነው።»* መልሱ ያው ነው። ናሙናው በፖሊስ እጅ ነው።

*«ግብረ አበሩ አልተያዘም።»* ሰውየው ሌላው እስኪገኝ መያዣ ሊሆን አይገባም። ለመያዝ ምን እንደተሠራ መዝገቡ ይታይ።

*«ቢለቀቅ ይጠፋል።»* እዚህ ላይ የሰበሰባችሁትን ሰነድ አውጡ፦ ቤት፣ ሥራ፣ ልጆች፣ የንግድ ፈቃድ።

*«ምስክር ያባብላል።»* ማንን፣ በምን ሁኔታ ብለው እንደሚሰጉ ይገለጽ በሉ። ወደ ተበዳይ ሰፈር ላለመሄድ ግዴታ እንደሚገባ አቅርቡ።

ሁለተኛ ጊዜ ቀጠሮ ሲጠየቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ከሁሉም ይበልጣል፦ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ባለፈው ቀጠሮ የተፈቀደው ጊዜ ምን እንደተሠራበት የምርመራ መዝገቡ ይታይልኝ።» መርማሪው ባለፈው የጠቀሰውን ምክንያት ቃል በቃል ከደገመ መዝገቡ ራሱ ይመሰክርበታል። ለዚህ ነው ባለፈው ችሎት የተባለውን በደብተር መጻፍ የሚያስፈልገው።

ቀጠሮው ሲሰጥ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የችሎቱን ቁጥር ሳትጽፉ ከግቢው አትውጡ።

ደረጃ 7፦ የዋስትና ማመልከቻ

ዋስትና በቃል ማንሳት ይቻላል፤ ይሁንና የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 64 የሚለው ማመልከቻ በጽሑፍ፣ በአመልካቹ የተፈረመ፣ ምክንያቱን ባጭሩ የሚገልጽና ሊገባ ያሰበውን የዋስትና ዓይነት የሚጠቅስ እንዲሆን ነው። የመጨረሻዋ ትረሳለች።

ዋስትና የሚከለከለው መቼ ነው? በአንቀጽ 63 መሠረት ወንጀሉ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሆኖ ተጎጂው የሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ሲሆን ነው። በአንቀጽ 67 ደግሞ ወንጀሉ ዋስትና የሚያሰጥ ቢሆንም ግዴታውን አያከብርም፣ ሌላ ወንጀል ይሠራል፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ ሲታመን ይከለከላል። ማመልከቻችሁ እነዚህን ነጥቦች ብቻ ይመልስ። በፍርድ ቤት አካባቢ ያሉ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ገጽ ሲያበዙ ደስ ይላቸዋል፤ አንድ ገጽ ይበቃል በሏቸው።

የሚከተለውን ቅርጽ ተጠቀሙ፦

> ቀን ________
> ለ ________ ወረዳ ፍርድ ቤት
> የምርመራ መዝገብ ቁጥር ________
> አመልካች፦ (ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ከተማ፣ ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር)
> ተጠሪ፦ የ ________ ከተማ ፖሊስ
> ጉዳዩ፦ በዋስትና እንድለቀቅ ስለመጠየቅ
>
> በ ____ ቀን ከ ____ ሰዓት ጀምሮ በ ________ ወንጀል ተጠርጥሬ በ ________ ፖሊስ ጣቢያ እገኛለሁ። የተጠረጠርኩበት ድንጋጌ ዋስትና የሚያስከለክል አይደለም። ቋሚ መኖሪያዬ ከላይ የተጠቀሰው ሆኖ በ ________ ሥራ እተዳደራለሁ፤ የማስተዳድራቸው ____ ቤተሰቦች አሉኝ። በተፈለግኩ ጊዜ ሁሉ ለመቅረብ፣ ወደ ምስክሮች ላለመጠጋት ግዴታ እገባለሁ። የወር ደመወዙ ____ ብር የሆነ ዋስ አቅርቤአለሁ። ስለዚህ በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 63 እና 64 መሠረት በዋስ እንድለቀቅ እንዲወሰንልኝ አመለክታለሁ።
> ፊርማ ________

ከዚህ በፊት ተከስሶ የማያውቅ ከሆነ አክሉ፤ ተከስሶ ከሆነ ግን ዝም በሉት እንጂ አትዋሹ። ፊርማው የታሳሪው ነው። አስቀድማችሁ ጣቢያ ወስዳችሁ አስፈርሙ፣ ወይም ችሎት ሲገባ በጠበቃው በኩል ይፈርም። በሦስት ቅጂ አዘጋጁና አንዱ ላይ ገቢ የተደረገበትን ማኅተም አስመቱ።

የመኪና አደጋ ከሆነ ክርክሩ በተጎጂው ሁኔታ ላይ ይሽከረከራል። ተጎጂው ደሴ ሆስፒታል ተኝቶ ከሆነ «ከአደጋ ወጥቷል ወይስ አልወጣም» የሚለውን ሆስፒታሉ እንዲገልጽ ፍርድ ቤቱ እንዲያዝ ጠይቁ። እናንተ አልጋው ድረስ አትሂዱ።

ስለ ሽማግሌም እዚሁ እንበል። በወሎ ነገር ሲፈጠር ሽማግሌ መላክ የቆየ ወግ ነው፣ ተበዳዩን መካስም ኋላ ቅጣት ሲወሰን ይጠቅማል። ምርመራው ሳያልቅ ግን «ምስክርነቱን ተዉት» የሚል ሽማግሌ መላክ ምስክር ማባበል ተብሎ ይመዘገባል። ሽማግሌው ለቅሶና ይቅርታ ብቻ ይዞ ይሂድ፤ ስለ ቃል አያንሳ።

ደረጃ 8፦ ዋስና ወረቀቱ

የዋስትናው መጠን ሲወሰን ፍርድ ቤቱ የክሱን ክብደት፣ የመጥፋት ሥጋቱን፣ የታሳሪውንና የዋሱን አቅም ይመለከታል (አንቀጽ 69)። መጠኑ ከአቅም በላይ ከሆነ እዚያው ገቢያችሁን ጠቅሳችሁ እንዲቀነስ ጠይቁ።

- *የደመወዝ ዋስ፦* ከመሥሪያ ቤቱ ለፍርድ ቤቱ በአድራሻ የተጻፈ ደብዳቤ። ደመወዙ፣ የሥራ መደቡ፣ ቋሚ መሆኑና ለሌላ ሰው ዋስ አለመሆኑ ይጠቀስ፤ ማኅተምና የፈራሚው ስም ይኑረው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ዋስ ከሰው ኃይል ክፍል ደብዳቤ ለማውጣት አንድ ሙሉ ቀን ሊፈጅበት ስለሚችል ችሎቱ ሳይደርስ ያስጽፍ።
- *የቤት ወይም የመኪና ዋስ፦* ዋናው ካርታ ወይም ሊብሬ፣ የግምት ማስረጃና ዕዳ እንደሌለበት የሚገልጽ ማረጋገጫ። ፍርድ ቤቱ ንብረቱ እንዳይሸጥ የእግድ ደብዳቤ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይጽፋል፤ የመድረሱን ማረጋገጫ ይዞ መመለስ ቀን ይበላል።
- *ጥሬ ገንዘብ፦* ፈጣኑ ይህ ነው። ለፍርድ ቤቱ ሒሳብ ክፍል ገቢ አድርጋችሁ ደረሰኝ ያዙ። ደረሰኙ ላይ ያለው ስም የከፋዩ ይሁን፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ገንዘቡ የሚመለሰው በዚያ ስም ነው።

ዋሱ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ሊጠየቅ ስለሚችል አብረው ይምጡ፤ ያላገባ ከሆነ ያላገባ ማስረጃ ይያዝ። ለዋሱም እውነቱን ንገሩት፦ ሰውየው ካልቀረበ የሚከፍለው እሱ ነው። ሳይነገረው ገብቶ ችሎት ፊት ሲሰማ ወደ ኋላ የሚል ዋስ ሌላ ሁለት ቀን ያስከፍላል።

ደረጃ 9፦ የመፍቻ ትዕዛዙ

ዳኛው ፈቀደ ማለት ሰውየው ወጣ ማለት አይደለም። ዋስትናው ከተሟላ በኋላ የመፍቻ ትዕዛዝ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመቶ ጣቢያ መድረስ አለበት። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ የተፈቀደ ዋስትና በዚያው ቀን እንዲያልቅ ከፈለጋችሁ ዋሱ ግቢው ውስጥ መገኘት አለበት። ትዕዛዙ ላይ ያለው ስም ከጣቢያው መዝገብ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ የአያት ስም ስለተለየ ብቻ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው አለ።

*ጣቢያው አልፈታም ካለ፦* ትዕዛዙን የተቀበለውን ሰው ስምና ሰዓት ጻፉ፣ በማግስቱ ወደዚያው ችሎት ተመልሳችሁ «ትዕዛዙ ስላልተፈጸመ ኃላፊው ቀርቦ ያስረዳ» በሉ።

*በሌላ ወንጀል ጠርጥረነዋል ቢሉ፦* የአዲሱን መዝገብ ቁጥር ጠይቁ። ለአዲሱ ጉዳይ አዲስ 48 ሰዓት ይጀምራል፤ ማመልከቻውም እንደገና ይጻፋል።

ደረጃ 10፦ ሲከለከል፣ ወይም ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ሲቀር

ዋስትና ከተከለከለ የትዕዛዙን ግልባጭ በዚያው ቀን ጠይቁ። በ20 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በጽሑፍ ይቀርባል፤ ከደሴም ከኮምቦልቻም ወረዳ ፍርድ ቤት ለሚነሳው ይግባኝ ሰሚው የደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ይግባኙ ላይ የሥር ዳኛው የሰጠውን ምክንያት ብቻ ምቱ። «ይጠፋል» ብሎ ከሆነ ስለ ልጆችና ስለ ቤት እንጂ ስለ ንጽሕና አይጻፍም። ሁኔታው ሲለወጥ፣ ለምሳሌ ምስክሮቹ ተሰምተው ሲያልቁ ወይም ተጎጂው ከሆስፒታል ሲወጣ፣ ለዚያው ፍርድ ቤት በአዲስ ማመልከቻ መመለስ ይቻላል።

48 ሰዓት አልፎ ዳኛ ፊት ካልቀረበ ወይም የቀጠሮው ጊዜ አልቆ ያለ ትዕዛዝ ከተያዘ መንገዱ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 177 መሠረት ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ታሳሪው ራሱ ካልቻለ ሌላ ሰው ሊያቀርብለት ይችላል። ከቃለ መሐላ ጋር ማን እንደያዘው፣ የት እንደተያዘና ይህን የሚያውቁ ምስክሮች ስም ይጻፋል። ደብተራችሁ እዚህ ላይ ዋጋ ያወጣል። ከሕግ ውጭ ማሰር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 የሚያስቀጣ ተግባር መሆኑንም አቤቱታው ውስጥ አንሱት።

ጠበቃ የመግዛት አቅም ለሌለው

መንግሥት የሚያቆመው ተከላካይ ጠበቃ በአብዛኛው የሚገባው ክስ ከተመሠረተ በኋላ ነው። ለጣቢያና ለጊዜ ቀጠሮ ወቅት የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ማመልከቻ ማጻፍ የመሰለውን ሥራ እዚያ አስጨርሱ። ክሱ ከተመሠረተ በኋላ ግን ተከሳሹ ራሱ በመጀመሪያው ቀን «ጠበቃ የማቆም አቅም የለኝም» ብሎ በመዝገብ ያሲዝ። ሳይጠይቅ ዝም ካለ «በራሱ ይከራከራል» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

ከወጣ በኋላ

1. ተቀጣሪ ከሆነ አሠሪው ይወቅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ30 ቀን ያልበለጠ እስር የሥራ ውሉን ያግዳል እንጂ አያቋርጥም፣ አሠሪው ግን በ10 ቀን ውስጥ እንዲያውቅ መደረግ አለበት። ይህን ሰውየው ገና ጣቢያ ሳለ ቤተሰብ በጽሑፍ ይስጥና ቅጂው ላይ ያስፈርም፤ ፈረቃ ላይ ያልተገኘ ሠራተኛ በ«ከሥራ ቀሪ» ሲሰናበት ለመከራከር ይህ ቅጂ ብቻ ነው የሚቀርበው።
2. አድራሻ ሲቀየር ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ ይገለጽ። በድሮው ቀበሌ የተለጠፈ መጥሪያ ደርሶታል ተብሎ ዋስትናው ሊወረስ ይችላል።
3. ፖሊስ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ ሲልክ ዐቃቤ ሕጉ በ15 ቀን ውስጥ ክስ መመሥረት ይጠበቅበታል (የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 109)። በዚህ መሐል «ተረሳ» ብላችሁ ከተማ አትልቀቁ፤ በየሳምንቱ ሬጅስትራር ዘንድ በስም ጠይቁ።
4. ክሱ ሲደርስ የክስ ወረቀቱንና የማስረጃ ዝርዝሩን ሙሉ ቅጂ ተቀበሉ። የወንጀሉ ቀን፣ ቦታና የተጠቀሰው አንቀጽ ግልጽ ካልሆነ መቃወሚያ የሚቀርበው ክሱ ከተነበበ በኋላ፣ «ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም» ተብሎ ከመጠየቁ በፊት ነው።